ከሶፋው እስከ ስክሪኑ

ጋሽ መኮንን ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አላቸው። ሰላም የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ሥራዋ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ጋሽ መኮንን ለሳሎናቸው ትልቅ ፍላት ስክሪን ሊገዙ አስበዋል፤ እንድታማክራቸው ጠርተዋታል።

ጋሽ መኮንን፦ ነይ ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ትናንት መርካቶ ቴሌቪዥን ሳይ ዋልኩ። አንዱ ሻጭ «4ኬ ካልሆነ እንዳይገዙ» አለኝ። ቀጥሎ ያለው «4ኬማ አለፈበት፤ የወደፊቱ 8ኬ ነው» አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ በዚያው በ4ኬ ስም የሌሎቹን ግማሽ ዋጋ ጠራልኝ። ግራ ቢገባኝ ትቼው መጣሁ።

ሰላም፦ ደግ አደረጉ። ሱቅ ከመሄድዎ በፊት እዚሁ ቤት የሚታይ ነገር አለ። እርስዎ የሚቀመጡት የት ነው?

ጋሽ መኮንን፦ ይኸው እዚህ ጥጉ ላይ። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ይሰቀላል።

ሰላም፦ እስቲ ሜትርዎን ያውጡ። ከዓይንዎ ጀምረን ነው የምንለካው፣ ከሶፋው እግር አይደለም። ይያዙልኝ… 3 ሜትር ከ20።

ጋሽ መኮንን፦ ይሄ ከ4ኬ ጋር ምን አገናኘው?

ሰላም፦ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስክሪኑ በጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች፣ በፒክስሎች የተሞላ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው አግድም 1920፣ ቁልቁል 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል። 4ኬ 3840 በ2160 ነው፤ ወደ 8.3 ሚሊዮን። 8ኬ 7680 በ4320 ነው፤ 33 ሚሊዮን። ሻጮቹ የነገሩዎት ይሄን ነው፤ ቁጥሩ አልተዋሸም። ግን የስክሪኑ ነጥብ አራት እጥፍ ስለሆነ ዓይንዎ አራት እጥፍ አያይም።

ጋሽ መኮንን፦ የጥለት ነገር ነው የምትነግሪኝ። ደንበኛ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ቀሚስ ሲያይ ጥለቱ አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። ገብቶ በእጁ ሲይዘው ነው ክሩ አንድ በአንድ የሚለይለት፤ በአረንጓዴው መሀል ቢጫ እንዳለበት ያን ጊዜ ነው የሚያየው።

ሰላም፦ ልክ እንደዚያ። ክሩ የሚጠፋበት ርቀት ደግሞ በስሌት የታወቀ ነው። ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ሲሆን ነው። የዓይን ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፊደል ሰሌዳ የተሠራውም በዚሁ ልክ ነው። ከዚህ የሚወጣ ቀላል ሂሳብ አለ። የስክሪኑን ቁመት ይያዙ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ኢንች ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የተለካ ስለሆነ እሱን ይተዉት፣ ከታች እስከ ላይ ያለውን ይለኩ። ፉል ኤችዲ ከሆነ ከቁመቱ 3 እጥፍ ያህል ሲርቁ ነጥቦቹ አይለዩም። 4ኬ ከሆነ 1 እጥፍ ተኩል ይበቃል። 8ኬ ከሆነ የቁመቱን ሦስት አራተኛ።

ጋሽ መኮንን፦ ያየሁት 65 ኢንቹን ነው። አስዪልኝ እስቲ።

ሰላም፦ የ65 ኢንች ቁመቱ 81 ሴንቲ ሜትር ነው። በ3 ሲባዛ 2 ሜትር ከ43። እርስዎ የተቀመጡት 3 ሜትር ከ20 ላይ ነው። ስለዚህ ፉል ኤችዲም ቢሆን ነጥቡ አይታይዎትም፤ 4ኬ ሆነም አልሆነ ከዚህ ሶፋ ላይ አንድ ነው። እዚህ ተቀምጠው ልዩነቱ በደንብ እንዲታይዎት ስክሪኑ ከ80 ኢንች በላይ መሆን ነበረበት።

ጋሽ መኮንን፦ ቆይ ቆይ። ሱቅ ውስጥ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ እኮ፣ መነጽሬን አድርጌ። ስክሪኑ ላይ የነበረችው ወፍ ላባዋ እንኳ ይቆጠር ነበር።

ሰላም፦ ስንት ሜትር ርቀው?

ጋሽ መኮንን፦ ሜትር ምን አለ እዚያ! ሱቁ ጠባብ ነው፤ ብዘረጋ እጄ ይነካዋል።

ሰላም፦ አዩ፣ ከዚያ ርቀት 4ኬ እውነትም ይለያል። በዚያ ላይ የወፏ ፊልም አምራቹ ለማሳያ ያዘጋጀው ነው፤ በውድ ካሜራ ተቀርጾ፣ ብዙም ሳይጨመቅ በፍላሽ የተሰካ። ብርሃኑም እስከ ጫፍ ተከፍቷል። ያ ምስል ከቴሌቪዥኑ ጋር ተጠቅልሎ ቤትዎ አይመጣም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ የነገርኩዎት ስሌት የአማካይ ዓይን ነው። ወጣት ዓይን ከዚያ የተሻለ ያያል፤ የሰያፍ መስመር መሰበርማ ከሩቅም ያስታውቃል። ስለዚህ ከስሌቱ ትንሽ ማለፍ ጥቅም የለውም አልልም። ሁለትና ሦስት እጥፍ ማለፍ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ጋሽ መኮንን፦ እሺ እኔስ ሸመገልኩ። የልጅ ልጆቼስ? እነሱ ሶፋ ላይ መቼ ይቀመጣሉ፤ ምንጣፉ ላይ ተንጋለው ነው የሚያዩት።

ሰላም፦ ይሄን ቀድመው ቢነግሩኝ! ምንጣፉ ከግድግዳው… 1 ሜትር ተኩል። ለእነሱ 65 ኢንች ፉል ኤችዲ ቢሆን ነጥቡ ይታያቸዋል፤ 4ኬ ከሆነ ግን ልክ ቦታቸው ላይ ነው። 4ኬ የሚያስፈልገው በእነሱ ምክንያት ነው ማለት ነው። ደግሞም ከ50 ኢንች በላይ ፉል ኤችዲ ፈልገው ማግኘትዎን እጠራጠራለሁ፤ አምራቾቹ ትልልቁን ከሞላ ጎደል ወደ 4ኬ አዙረውታል። ስለዚህ 4ኬን እንደ ልዩ ነገር ቆጥሮ ዋጋ የሚጨምርብዎትን አይስሙ። ክርክሩ የሚያስፈልገው ለመኝታ ቤት ትንሽ ሲገዙ ነው። 32 ኢንች ላይ «ኤችዲ» ብቻ የሚል ካርቶን ካዩ ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 ነው፤ ፉል ኤችዲ አይደለም።

ጋሽ መኮንን፦ በቃ ተፈታ እንግዲህ።

ሰላም፦ ገና ነው፤ ዋናው ቀርቷል። አሁን የሚያዩት ቴሌቪዥን ላይ ዜና ይክፈቱልኝ እስቲ። ከታች የሚሄደውን ጽሑፍ ያነቡታል?

ጋሽ መኮንን፦ ቃሉን በግምት ነው እንጂ… ፊደሉ ይደበዝዛል። ዓይኔ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ሰላም፦ ዓይንዎ አይደለም፤ እኔም እየገመትኩ ነው። የእኛ ፊደል ከባድ ፈተና ነው። «ሲ»ን ከ«ሴ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለች ቅንጣት ቀለበት ናት። በድሮው ስርጭት ምስሉ ከላይ እስከ ታች 576 መስመር ብቻ ነው። ፊደሉ 20 መስመር ቢይዝ ቀለበቷ ሦስት ወይም አራት መስመር ብታገኝ ነው። ተጋማሽና ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው መስመሮች ደግሞ በየተራ ስለሚላኩ ቀጭኑ ነገር ሁሉ ይርገበገባል። ቀለበቷ ከተዋጠች «ሴ» «ሲ» ይሆናል፣ «ሎ»ና «ሉ» ይምታታሉ። በሥራዬ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ጽሑፉን አሳምሬ አስቀምጬ ሰው ቤት ሲደርስ አይነበብም። ሪሲቨርዎ የቱ ነው?

ጋሽ መኮንን፦ ያ ጥቁሩ። ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ያዞርን ጊዜ ሠራተኛው «ኤችዲ ነው» ብሎ አዲስ ገጠመልኝ።

ሰላም፦ እውነቱን ነው፣ ኤችዲ ነው። ከኋላው ግን ይዩ፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ነው የሰካልዎት። ቀዩና ነጩ ድምፅ ናቸው። ምስሉ በሙሉ በቢጫዋ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው የሚያልፈው፤ እሷ ደግሞ ከ576 መስመር በላይ አትችልም። ብርሃኑንና ቀለሙን ቀላቅላ ስለምትልክ የፊደሉ ዳር በቀለም ይበከላል። ጣቢያው በኤችዲ ልኮ፣ ሪሲቨሩ በኤችዲ ተቀብሎ፣ መጨረሻው አንድ ሜትር ላይ እዚሁ ቤት ይበላሻል። ቦርሳዬ ውስጥ ኤችዲኤምአይ ገመድ አለኝ፤ ልቀይርልዎት። ከዚያ የሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብተን 1080 ላይ እናደርገዋለን… አሁን ያንብቡ።

ጋሽ መኮንን፦ «የመስኖ ልማት ሥራ በሦስት ወረዳዎች…» ኧረ ይቺ ልጅ! ይሄን ሁሉ ጊዜ በቢጫ ገመድ ነው ያየሁት? ቴሌቪዥኑን ልጥለው ነበር እኮ!

ሰላም፦ አሁን 65 ኢንች 4ኬ ገዝተው ያቺኑ ቢጫ ገመድ ቢሰኩበት ብለው ያስቡ። የድሮው ምስል 720 በ576 ነው። ወደ 4ኬ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ነጥብ ለ20 ነጥብ መብቃት አለበት፤ ማለትም ከ20ው 19ኙን ቴሌቪዥኑ እየገመተ ነው የሚሞላው። ዛሬ ጥሩ ገማች ቴሌቪዥኖች አሉ፤ ዳር ዳሩን ያለሰልሳሉ። ያልተቀረጸ ነገር ግን ፈጥረው አያመጡም፤ የጠፋችው የ«ሴ» ቀለበት አትመለስም። ስክሪኑ ሲተልቅ ደግሞ ጉድለቱም አብሮ ይተልቃል። ብዙ ሰው ትልቁን ገዝቶ «አሮጌው ይሻል ነበር» የሚለው ለዚህ ነው።

ጋሽ መኮንን፦ ኤችዲ የሚልከውስ? እሱ ይበቃል?

ሰላም፦ ከፉል ኤችዲ ወደ 4ኬ ሲሆን ሂሳቡ የተመቸ ነው፤ አንዱ ነጥብ አራት ይሆናል፣ ሁለት በሁለት። ያምራል። የሚያስቸግረው መጭመቁ ነው። ጣቢያው ሳተላይት ላይ ቦታ ተከራይቶ ነው የሚልከው፤ ቦታው ውድ ስለሆነ ምስሉን ይጨምቀዋል። ዜና አንባቢዋ ስለማትንቀሳቀስ ብዙም አይታወቅም። 10,000 ሜትር ሩጫ ሲሆን ይዩት! ሃያ አምስቱን ዙር ሁሉ ካሜራው አብሮ ሲሮጥ፣ የተመልካቹ መንጋ፣ የሯጮቹ እግር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ያን ጊዜ ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆራረጣል። ኳስ ላይ ሣሩ ገንፎ ይመስላል። እዚያ ላይ ያነሰው በሰከንድ የሚላከው መረጃ ነው እንጂ የስክሪኑ ነጥብ አይደለም።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆቹስ የሚያዩት በኢንተርኔት ነው።

ሰላም፦ እሱም ያው ነው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ለፉል ኤችዲ 5 ይበቃዋል። በ15 ሜጋቢት የአንድ ሰዓት ፊልም ወደ 7 ጊጋባይት ይበላል። ቤትዎ የገባው መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ ማታ ሁሉም ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ ዩቲዩብ ሳይነግርዎት ራሱ ጥራቱን ዝቅ ያደርገዋል። ጨዋታም አለ፤ ልጆቹ ፕሌይስቴሽን 4 ካላቸው ተራው የሚያወጣው ፉል ኤችዲ ነው፤ 5ኛው ግን 4ኬ ያወጣል።

ጋሽ መኮንን፦ እና ያ ግማሽ ዋጋ የጠራልኝስ? እሱን ልያዘው?

ሰላም፦ ካርቶኑ ላይ ምን ይል ነበር?

ጋሽ መኮንን፦ «4ኬ ይደግፋል» ነገር። በትልቁ ተጽፏል።

ሰላም፦ «ይደግፋል» የሚለው ብዙ ሰው ያታልላል። የ4ኬ ፋይል ሲሰጡት ከፍቶ ያጫውታል ማለት ነው፤ የሚያሳየው ግን ባለው ነጥብ ልክ ነው፣ ፉል ኤችዲ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው። ስክሪኑ በርቶ ነጭ ነገር ሲያሳይ ማስመሪያ ጠጋ አድርገው ይያዙበት። በስልክዎ ካሜራ በጣም ቀርበው ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ ፎቶውን አስፍተው በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ነጥብ እንዳለ ይቁጠሩ። እያንዳንዷ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆና ትታያለች፤ ሦስቱን እንደ አንድ ነው የሚቆጥሩት። 55 ኢንች ላይ 16 ገደማ ከሆነ ፉል ኤችዲ ነው፤ 31 ወይም 32 ከሆነ እውነተኛ 4ኬ ነው። 65 ኢንች ላይ 13 እና 27 ገደማ ይሆናል።

ጋሽ መኮንን፦ ሻጩ ፊት ማስመሪያ አውጥቼ ልቆጥር?

ሰላም፦ ለምን ያፍራሉ? እርስዎ ሱቅ የሚመጣ ደንበኛ ፈትሉን በጣቱ ሳያሸው ይገዛል? አምኖ የሚሸጥ ሰው አይከፋውም። ባይፈልጉ እንኳ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ የአምራቹ ገጽ ላይ እውነተኛው ቁጥር ይገኛል።

ጋሽ መኮንን፦ የ8ኬውን ነገር ገና አልነገርሽኝም። ዱባይ ያለው ልጄ «አንዴ ከገዛህ የማያረጅ ግዛ» ይለኛል።

ሰላም፦ የጃፓኑ የቴሌቪዥን ድርጅት ኤንኤችኬ 8ኬን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲያጠና ኖሮ በታኅሣሥ 2018 የመጀመሪያውን የ8ኬ ጣቢያ ከፈተ። ሻርፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የመጀመሪያ 85 ኢንች 8ኬ ዋጋው 16 ሚሊዮን የን ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ በጣም ወርዷል፤ የሚታይበት ነገር ግን አልበዛም። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ደንብ የ8ኬ ቴሌቪዥኖች ተቸግረዋል፤ ነጥቡ ሲጠጋጋ የኋላው ብርሃን ማለፊያው ስለሚጠብ ይበልጥ ማብራት አለበት። የእርስዎንም ይቁጠሩ፦ 65 ኢንች 8ኬን ከነነጥቡ ለማየት ከስክሪኑ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ መቀመጥ አለብዎት። ዱባይ ያለው ልጅዎ ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ያውለው።

ጋሽ መኮንን፦ ምን ላይ?

ሰላም፦ ብርሃንና ጨለማ ላይ። ፊልም ሳቀናብር ሌሊት የተቀረጸ ትዕይንት ይመጣል፤ የኩራዝ መብራት፣ በጥላ ውስጥ ያለ ጠይም ፊት። ስቱዲዮ ውስጥ ዓይኑም ግንባሩም ይለያል። ርካሽ ስክሪን ላይ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና ፊቱ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ 8 ሚሊዮን ነጥብ ምን ይሠራል? ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ስለዚህ ሻጩን «4ኬ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «የጀርባ መብራቱ በክፍል በክፍል ይበራል፣ ይጠፋል ወይ?» ይበሉት። ጨለማው ክፍል የሚጠፋ ከሆነ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል። ኦሌድ የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ነው የሚበራው፤ ውድ ነው፣ ለጨለማ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ብርሃንና ጨለማውን አስፍቶ ያሳያል የሚባለው «ኤችዲአር» ምልክትም ብዙዎቹ ላይ አለ፤ ስክሪኑ በቂ ብርሃን ከሌለው ምልክቱ ብቻውን ምንም አያመጣም።

ጋሽ መኮንን፦ እንግዳ ሲመጣ በጎን በኩል ያለው ሶፋ ላይ ነው የሚቀመጠው። የበፊቱ ከጎን ሲታይ ይነጣ ነበር።

ሰላም፦ እሱን ሱቅ ውስጥ ራስዎ ይሞክሩት። ከፊት ቆመው ካዩ በኋላ ወደ ጎን ይሂዱና ሰው ፊት ላይ ያለው ቀለም ይለወጥ እንደሆነ ይዩ። ከፊት ጥቁሩ የሚያምር ፓነል ብዙ ጊዜ ከጎን ይነጣል፤ ከጎን ቀለሙን የሚጠብቀው ደግሞ ጥቁሩ ይደክማል። ሁለቱንም በርካሽ አያገኙም። ከሁለቱ እርስዎ ይምረጡ፤ ቤቱ ሰው የሚበዛበት ከሆነ እኔ ከጎን የሚታየውን እመርጥ ነበር።

ጋሽ መኮንን፦ እኔስ ጥቁሩን። እንግዳው በዓል በዓል ነው የሚመጣው፤ እኔ ግን ማታ ማታ ነኝ።

ሰላም፦ ይሁን፤ የሚያዩት እርስዎ ነዎት። ሲሰቅሉት ይጥሩኝ። ከፋብሪካ ሲመጣ «ሻርፕነስ» የሚለው ከፍ ብሎ ነው፤ የፊደሉ ዳር ላይ ነጭ ጥላ ያበቅላል፣ እንቀንሰዋለን። ሌላው፣ አንዳንዱ ቴሌቪዥን በድሮ ልማድ ምስሉን ትንሽ አስፍቶ ዳሩን ይቆርጠዋል፤ ነጥብ በነጥብ መግጠሙ ቀርቶ ሁሉም ይደበዝዛል፤ የታችኛው ጽሑፍም ይቆረጣል። የምስሉን መጠን ከሜኑ ውስጥ እናስተካክለዋለን። የሱቅ ብርሃኑንም እናጠፋዋለን።

ጋሽ መኮንን፦ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ መርካቶ እንሂድ። አንቺ ቁጠሪ፤ ዋጋውን እኔ እከራከራለሁ።